አንድ የኔትወርክ ካርድ፣ ሁለት አድራሻ፦ መቼ ይበቃል፣ መቼስ አይበቃም?

ለገጣፎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ራውተሩ ተቃጠለና በአዲስ ተተካ። የቀድሞው ኔትወርክ አድራሻዎቹ በ192.168.1 የሚጀምሩ ነበሩ፤ አዲሱ ራውተር ከፋብሪካ ይዞ የመጣው ግን 192.168.0ን ነው። የተከለው ባለሙያ ኢንተርኔት መግባቱን አይቶ ሄደ። ኮምፒውተሮቹ አድራሻቸውን ከራውተሩ ስለሚቀበሉ ለውጡን ማንም አላስተዋለም። ነገሩ የታወቀው ወሩ ሲያልቅ ነው። ሒሳብ ሹሟ የሠራተኞችን የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ከጣት አሻራ መሣሪያው ሊያወርዱ ሲሞክሩ ኮምፒውተሩ መሣሪያውን ማግኘት አቃተው። መሣሪያው በሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ጣት ሲያርፍበት እንደ ወትሮው ያመሰግናል። አድራሻው ግን 192.168.1.201 ላይ ቀርቷል። የማስተካከያውን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ሠራተኛ ደግሞ ሥራ ለቆ ሄዷል።

«ልጄ፣ ደመወዝ ከነገ ወዲያ ነው» አሉኝ ሒሳብ ሹሟ። «መምህራኑን ማሽኑ ጠፋብኝ ብዬ ልመልሳቸው?»

«አይመልሷቸውም እትዬ፣ ጥቂት ደቂቃ ይስጡኝ» አልኳቸውና በኮምፒውተራቸው የኔትወርክ ካርድ ላይ ከ192.168.0.10 በተጨማሪ 192.168.1.10ን ጻፍኩ። መሣሪያው ወዲያው ተገኘ፤ የወሩ ሰዓት በሙሉ ወረደ። ኬብል አልተዘረጋም፣ ዕቃ አልተገዛም።

ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ትምህርት ቤት ያው ዘዴ ለሌላ ጉዳይ ዋለ። የተማሪዎቹ የኮምፒውተር ክፍልና የፋይናንስ ክፍሉ እንዲለያዩ ተፈለገ። ለፋይናንስ ኮምፒውተሮች በ192.168.50 የሚጀምር ሁለተኛ አድራሻ ተሰጣቸው፤ የሒሳቡ ማኅደርም በዚያ አድራሻ በኩል ብቻ እንዲከፈት ተደረገ። ሁለቱ ክፍሎች ግን የተሰኩት በአንድ ተራ ስዊች (የኮምፒውተሮችን ኬብል የሚያገናኝ ሳጥን) ላይ ነበር። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በፋይናንስ ክፍሉ ማተሚያ ላይ ተለጥፎ ያየውን ቁጥር አስታውሶ፣ እሱ በተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ 192.168.50.77 ብሎ ጻፈ። ማኅደሩ ተከፈተለት። ልጁ ክፉ አላሰበም፤ መምህሩን ጠርቶ ነው ያሳየው። ሌላ ልጅ ቢሆን ኖሮ መምህሩን አይጠራም ነበር።

ዘዴው አንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ደመወዝ አስከፈለ፤ በሁለተኛው የሠራተኞችን ደመወዝ ዝርዝር ለተማሪ አሳየ። ልዩነቱ የተፈለገበት ምክንያት ላይ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድረው በቴክኒክ ውስብስብነታቸው ሳይሆን ለየትኛው ፍላጎት እንደሚሆኑ እያየሁ ነው። ወደማይገኝ መሣሪያ መድረስ አንድ ፍላጎት ነው። ሰውን ከሰው መለየት ሌላ ነው። አንድ ኮምፒውተር ብዙ አገልግሎት እንዲሰጥ ማድረግ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሦስቱ ሲቀላቀሉ ነው ስህተት የሚመጣው።

ጭራሽ ሁለተኛ አድራሻ የማያስፈልግበት

ከሦስተኛው ልጀምር፤ ቶሎ ያልቃል። በአንድ ሰርቨር ላይ ሁለትና ሦስት ድረ ገጽ ለማስቀመጥ ለእያንዳንዱ አድራሻ የሚጠይቁ ሰዎች አሁንም ያጋጥሙኛል። ይህ የቆየ ልማድ ነው። የድረ ገጽ ማሰሻ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚፈልገውን ድረ ገጽ ስም ከጥያቄው ጋር ይልካል፤ ሰርቨሩም በስሙ ይለያል። በምስጢር ለሚተላለፉ ድረ ገጾችም ስሙን አስቀድሞ የሚነግር አሠራር እ.ኤ.አ. በ2003 ተደንግጓል፤ ዛሬ የማይደግፈው ማሰሻ ማግኘት ያዳግታል። ስለዚህ አንድ አድራሻ ለብዙ ድረ ገጽ ይበቃል። ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞችም በአንድ አድራሻ ላይ በተለያየ የፖርት (የፕሮግራሙ መግቢያ በር) ቁጥር ይኖራሉ። ሁለተኛ አድራሻ የሚያስፈልገው ሁለቱም ያንኑ ፖርት ካልያዝን ሲሉና ቁጥሩን መቀየር ሳይቻል ሲቀር ብቻ ነው።

በዚያው ካርድ ላይ ተጨማሪ አድራሻ

አሠራሩን ለመረዳት የክርስትና ስምን ማሰብ ይበቃል። አንድ ሰው በቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ ይጠራል፣ በቀበሌ መዝገብ በሌላው ስሙ ይጠራል፤ በሁለቱም ሲጠሩት «አቤት» የሚለው ያው ሰው ነው። የኔትወርክ ካርድም ከፋብሪካ የተሰጠው አንድ ማክ አድራሻ (መለያ ቁጥር) አለው። በኔትወርኩ ውስጥ «192.168.1.10 ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ካርዱ ማኩን ይዞ ይመልሳል፤ «192.168.0.10 ማነው?» ሲባልም ያንኑ ማክ ይዞ ይመልሳል። ሁለት ስም ሁለት ሰው አያደርግም። ፍጥነትም አይጨምርም፤ በሰከንድ 1 ጊጋ ቢት የሚያስተላልፍ ካርድ አሥር አድራሻ ቢሰጠው አሥሩም ያቺኑ 1 ጊጋ ቢት ይካፈሏታል።

ለመድረስ ሲሆን ከዚህ የሚሻል የለም። ካሜራና ራውተር የሚተክል ሰው ላፕቶፑ ላይ ሁለትና ሦስት አድራሻ ሳይዝ መንቀሳቀስ የለበትም እላለሁ። የሂክቪዥን ካሜራ ከካርቶን ሲወጣ 192.168.1.64 ነው፤ ዳሁዋ 192.168.1.108፤ ማይክሮቲክ ራውተር 192.168.88.1። ቱሉ ዲምቱ አንድ ግቢ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ የላፕቶፕን አድራሻ እየቀየሩ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። ሦስቱን አንድ ላይ ጽፎ መውጣት ይቻላል። ሥራው ሲያልቅ ግን ያጥፏቸው። ረስተው የተዉት ቁጥር በሚቀጥለው ደንበኛ ግቢ የሌላ ሰው መሣሪያ ቁጥር ሆኖ ይጠብቅዎታል።

በዊንዶውስ የካርዱን ባሕርያት ከፍተው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል 4 ውስጥ ይገባሉ፤ «አድቫንስድ» የሚለውን ተጭነው አድራሻውን ይጨምራሉ። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ።

አንደኛ፣ በዚያ መስኮት ላይ ሁለተኛ አድራሻ ለመጻፍ የመጀመሪያውም በእጅ የተጻፈ መሆን አለበት፤ ከራውተር የሚቀበለው ይቋረጣል። ስለዚህ ለመጀመሪያው የሚሰጡት ቁጥር ራውተሩ ለሌሎች ከሚያድለው ክልል ውጭ ይሁን። ራውተሩ ከ100 እስከ 199 የሚያድል ከሆነ 10ን መያዝ ይችላሉ፤ 120ን ከያዙ ግን አንድ ቀን የእንግዳ ስልክ መጥቶ ይረከበዋል።

ሁለተኛ፣ ለተጨማሪው አድራሻ ጌትዌይ አይጻፉ። መውጫ በር አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት በር የተጻፈበት ኮምፒውተር አንዳንድ ቀን ኢንተርኔት ያገኛል፣ አንዳንድ ቀን ያጣል፤ የዚህን ዓይነት ብልሽት መፈለግ አድካሚ ነው።

ሦስተኛ፣ ማስኩን (የትኞቹ አድራሻዎች የቅርብ ጎረቤት እንደሆኑ የሚወስነውን ቁጥር) በማስፋት አቋራጭ ለማግኘት አይሞክሩ። ሁለቱን ኔትወርኮች በአንድ ለመጠቅለል 255.255.255.0ን ወደ 255.255.0.0 የሚቀይሩ አሉ። ኮምፒውተሩ ያኔ 192.168.1.201ን እንደ ቅርብ ጎረቤት ቆጥሮ በቀጥታ ይጠራዋል። የጣት አሻራ መሣሪያው ማስክ ግን አልተቀየረም፤ ጠሪው ለእሱ የሩቅ ሰው ነውና መልሱን ወደ ጌትዌዩ ይልካል። ያ ጌትዌይ የተቃጠለው ራውተር ነው። ጥያቄው ይደርሳል፣ መልሱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ተመልካች ደግሞ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ይፈርዳል።

አድራሻውን ከመጻፍ በፊት በሌላ ዕቃ አለመያዙን ማረጋገጥ የግድ ነው። ሰው ሁሉ ፒንግ አድርጎ (አድራሻውን «አለህ?» ብሎ ጠይቆ) ዝም ሲለው «ባዶ ነው» ይላል። ይህ በከተማው ዳርቻ በተለይ አይሠራም። በዚያው ትምህርት ቤት አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ የቢሮውን ሕንፃ ብቻ ይዞ ነበር፤ የመማሪያ ሕንፃዎቹ ጨልመዋል። 192.168.0.20ን ፒንግ አድርጌ መልስ ስላጣሁ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰርቨር ሰጠሁት። 11 ሰዓት ላይ መብራቱ ሲመለስ ማዶ ካለው ሕንፃ አንድ ማተሚያ ተነሣ፤ ቁጥሩ 192.168.0.20 ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እየተነጣጠቁ ሰርቨሩ አንዴ ይገኛል አንዴ ይጠፋል። ዕቃው በርቶም ቢሆን ፋየርዎል (የመከላከያ ፕሮግራሙ) ፒንግን ሊከለክል ይችላል። ስለዚህ ግቢው ሙሉ መብራት ባለው ሰዓት ይፈትሹ፤ ፒንግ ካደረጉ በኋላም የትኛው አድራሻ የየትኛው ማክ እንደሆነ የሚይዘውን የኮምፒውተሩን የአርፕ ሠንጠረዥ ይመልከቱ። በዚያው ኔትወርክ ያለ ዕቃ ፒንግን ቢከለክል እንኳ ማክ አድራሻው እዚያ ላይ ይታያል።

በሊኑክስ ነገሩ ይቀላል፤ አንድ የትእዛዝ መስመር ይበቃል። በአንድ ካርድ ላይ አንዱን ከራውተር ተቀብሎ ሌላውን በእጅ መጻፍም ይቻላል። ነገር ግን በትእዛዝ ብቻ የተጨመረ አድራሻ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ አይገኝም። መብራት በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ በሚሄድበት ሰፈር ይህ ማለት ዛሬ የሠሩት ሥራ እስከሚቀጥለው መጥፋት ድረስ ብቻ ነው ማለት ነው። በኡቡንቱ ሰርቨር ላይ በኔትፕላን ፋይል ውስጥ ይጻፉት። ከሩቅ ሆነው የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ለውጡን በሙከራ መልክ የሚያስገባውን ትእዛዝ፣ «ኔትፕላን ትራይ»ን፣ ይጠቀሙ፤ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላጸደቁት የቀድሞውን ይመልሳል። ሱሉልታ ያለን ሰርቨር ከቃሊቲ ሆኖ ሲያስተካክል በአንዲት የተሳሳተች ቁጥር ራሱን ከውጭ የቆለፈ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል።

ሌላው የሊኑክስ ጠባይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ለካርዱ ሁለት አድራሻ ሲሰጡት ቀድሞ የገባው ዋና፣ የኋላው ተከታይ ይሆናል። ዋናውን ሲሰርዙ፣ ተከታዩ ወደ ዋናነት እንዲያድግ የሚያዘው ቅንብር ካልበራ በስተቀር፣ ተከታዩም አብሮ ይሰረዛል። አሮጌውን አጠፋለሁ ብሎ አዲሱንም ያጠፋ አለ።

ኮምፒውተሩ ወደ ውጭ ሲደውል በየትኛው ስሙ እንደሚደውልም ይጠይቁ። ሊኑክስ ካልተነገረው በቀር በዋናው ይወጣል። ዊንዶውስ ከቪስታ ወዲህ በመስኮቱ ላይ ያለውን ተራ አይከተልም፤ ለመውጫ በሩ በቁጥር የሚቀርበውን ይመርጣል። ለድረ ገጽ ማንበቢያ ይህ ምንም አይደለም። ከወዲያ ማዶ ያለው ድርጅት «ከዚህ አድራሻ የመጣ ብቻ ይግባ» ብሎ ከወሰነ ግን ሁሉም ነገር በዚህ ላይ ይቆማል፤ በሁለቱም ሥርዓተ ክወናዎች የመውጫውን አድራሻ በግልጽ መወሰን ይቻላል፤ ይወስኑት።

መለየት ከሆነ የሚፈለገው፦ ቪላን

ለተማሪዎቹና ለፋይናንስ ክፍሉ የሚሆነው መድኃኒት ይህ ነበር። ቪላን ሲባል አንዱን ስዊች በውስጡ ወደ ተለያዩ ስዊቾች መክፈል ነው። በእያንዳንዱ መልእክት ላይ 4 ባይት የምትሆን ምልክት ትለጠፍና ስዊቹ የቪላን 10ን መልእክት ለቪላን 20 አያሳልፍም፤ እስከ 4094 ክፍል ድረስ መቁጠር ይቻላል። ተማሪው በኮምፒውተሩ ላይ የፈለገውን ቁጥር ቢጽፍ የተሰካበት ቀዳዳ በሌላ ክፍል ስለሆነ የፋይናንሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም።

የሚጠይቀው ማስተካከያ የሚቀበል ስዊች ነው። ከመርካቶ በርካሽ የሚገዛው ባለ 8 ቀዳዳ ተራ ስዊች ይህን አያደርግም፤ ምልክቱን ሳያይ ለሁሉም ሊያድለው ይችላል። ስለዚህ ሲገዙ ሻጩን «ቪላን ይቀበላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፣ ካርቶኑ ላይም ያረጋግጡ።

ካርዱም ሁለት አድራሻ የሚይዝበት መንገድ በዚህ አለ፤ ሊኑክስ በአንድ ካርድ ላይ ለእያንዳንዱ ቪላን የተለየ ንዑስ ካርድ ፈጥሮ ለየራሳቸው አድራሻ ይሰጣል። በዊንዶውስ የግል ኮምፒውተር ላይ ግን ይህ በካርዱ ሹፌር ፕሮግራም (ድራይቨር) ላይ የተመሠረተ ነውና ሁሉም ካርድ አይችልም። ለትንሽ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የምመክረው ከዚህ ይቀልላል፦ ኮምፒውተሮቹ ምልክቱን ጭራሽ አይወቁት። ስዊቹ ቀዳዳዎቹን ይለይ፤ ራውተሩ በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያልፈውንና የማያልፈውን ይወስን። ያኔ ሰርቨሩ አንድ አድራሻ ይዞ ሁለቱንም ያገለግላል፤ ማን ምን እንደሚያይ የሚጻፈው ደግሞ በአንድ ቦታ ነው።

ሁለተኛ ካርድ መግዛት

ኬብሉ ራሱ ሲጠብ ካርድ ይግዙ። ገላን አካባቢ ባለ አንድ መጋዘን 16 ካሜራዎች ነበሩ። እያንዳንዱ በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ያህል ሲልክ አንድ ላይ 64 ሜጋ ቢት ይሆናል። መቅጃው ኮምፒውተር የተሰካው በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት ብቻ በሚያስተላልፍ አሮጌ ስዊች ላይ ስለነበር ለሒሳብ ሥራው የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን ለመክፈት ሻይ ይፈላ ነበር። ለካሜራዎቹ በዚያው ካርድ ላይ የተለየ አድራሻ ቢሰጥ መንገዱ ያው አንድ ኬብል ነውና አንዲት ቢት አያድንም። ሁለተኛ ካርድና ለካሜራዎቹ ብቻ የሚሆን ስዊች ሲጨመር ግን ሁለቱ ሥራዎች ተለያዩ። ለመለየትም ይበቃል፤ ካሜራዎቹ ያሉበት ገመድ ከቢሮው ጋር በዚያ አንድ ኮምፒውተር በኩል እንጂ በሌላ አይገናኝም፤ ኮምፒውተሩ መልእክት እንዳያሻግር መደረጉን ብቻ ያረጋግጡ።

በዩኤስቢ የሚሰካው መለወጫ ውስጡን መክፈት ለማይቻል ላፕቶፕና ትንንሽ ኮምፒውተር ጥሩ ነው። ለሰርቨር ግን አልወደውም። ጽዳት የሚሠራ ሰው ነቅሎ በሌላ ቀዳዳ ከሰካው ዊንዶውስ እንደ አዲስ ካርድ ሊቆጥረውና የጻፉት አድራሻ ሊቀር ይችላል።

ሁለቱን ካርዶች በአንድ ኔትወርክ ውስጥ መሰካት ግን አይረዳም። ሊኑክስ በተፈጥሮው ለአንዱ ካርድ የመጣውን የአርፕ ጥያቄ በሌላውም ካርድ ይመልሳል፤ መልእክቱ በየትኛው እንደሚገባ አይታወቅም። ሁለት ካርድ ከሆነ ሁለት ኔትወርክ ይሁን።

ለእያንዳንዱ የራሱ ማክ ሲያስፈልግ

በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ብዙ ኮንቴይነር (በየራሱ ተለይቶ የሚሠራ ፕሮግራም) ለሚያሠራ ሰው ማክቪላን የሚባል መንገድ አለ። በአንዱ ካርድ ላይ ሐሳባዊ ካርዶች ይፈጠራሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ማክ ስላለው ከራውተሩ በራሱ አድራሻ መቀበል ይችላል። ተራው ተጨማሪ አድራሻ ይህን አይችልም። ሆኖም ሰርቨሩ ራሱ ከእነዚህ ልጆቹ ጋር በቀጥታ አይነጋገርም፤ ይህን ሳያውቁ ግማሽ ቀን ያጠፉ ብዙ ናቸው። በዋይፋይ ላይም እምብዛም አይሠራም፤ ማሠራጫው የመዘገበውን ማክ ብቻ ነው የሚያውቀው። በዋይፋይ ከሆነ ማኩን የሚጋሩበት አይፒቪላን የሚባለው ይሻላል። ለጣት አሻራ መሣሪያና ለማተሚያ ጉዳይ ወደዚህ መምጣት አያስፈልግም።

አሮጌውን አድራሻ ስለማንሣት

ለመድረስ የተጨመረ አድራሻ መሸጋገሪያ ነው። በትምህርት ቤቱ ጉዳይ ዋናው ሥራ የጣት አሻራ መሣሪያውን ወደ 192.168.0 ማምጣት ነበር፤ የይለፍ ቃሉ በአስመጪው በኩል ተከፍቶ አድራሻው ተቀየረ። ለፋይናንሱም ማስተካከያ የሚቀበል ስዊች ተገዛ። የቀረው 192.168.1.10ን ከሒሳብ ሹሟ ኮምፒውተር ላይ ማንሣት ነው።

ማንሣት ከመጨመር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እስካሁን በዚያ ስም የሚጠራው ማን እንደሆነ አይታወቅምና። ከማጥፋቴ በፊት ለሁለት የሥራ ቀናት በኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን ግንኙነቶች የሚያሳየውን ትእዛዝ በየሰዓቱ እያስኬድኩ ወደ ፋይል አስጻፍኩ። ማንም አልታየም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳላጠፋው አንድ ጊዜ ልይ ብዬ ፋይሉን ስከፍት 3 ሰዓት ላይ ከ192.168.1.30 የመጣ አንድ መስመር አለ። ሬጅስትራሩ ጽሕፈት ቤት ያለው የፎቶ ኮፒ ማሽን ነበር፤ የተቃኘ ሰነድ ወደ ሒሳብ ክፍሉ ማኅደር የሚልከው በአሮጌው ቁጥር ነው፤ የራሱም አድራሻ ከራውተሩ ለውጥ በፊት በእጅ እንደተጻፈ ቀርቷል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ የክፍያ ደረሰኞች ሲላኩ፣ ይሠራል። ማሽኑ ላይ ሄጄ ሁለቱን ቁጥሮች ቀየርኩ፤ አንድ ገጽ አቃኝቼ ማኅደሩ ውስጥ መግባቱን አየሁ። ከዚያ በኋላ ነው 192.168.1.10ን ያጠፋሁት።